እግር ይለፍ፣ ጎማ አይለፍ

እስራኤል በገባን በሁለተኛው ዓመት ከቤታችን ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ሰንሰለት ተዘረጋ። የምንኖረው ገዴራ ነበር፤ እኔ፣ ሴት ልጄና የእሷ ልጅ፣ ሦስታችን፣ ብዙ ቤተሰብ በታጨቀበት ሕንፃ ምድር ቤት። መንገዱ ከጓሯችን ይነሳና በአራት ያረጁ ቤቶች መካከል አልፎ ትልቁ ጎዳና ላይ ይወጣል። ቤቶቹ የብርቱካን ዛፍ አላቸው፤ አጥር ግን የላቸውም። ሰዎቹ ከበራቸው ሲወጡ እግራቸው የሚያርፈው ቀጥታ መንገዱ ላይ ነው። በየጠዋቱ የተማሪዎች መኪና፣ በዕብራይስጥ ሃሳዓ የሚሉት፣ በዚያ በኩል እየበረረ ይመጣና ጓሯችን ላይ ይቆማል። የሕንፃችንን አሥራ አንድ ልጆች ይጭንና በመጣበት ይመለሳል።

ከአሥራ አንዱ አንዷ የልጅ ልጄ ናት። ስምንት ዓመቷ ነበር። ወደ ሱዳን ስንወርድ ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ፤ ወጌሻ ሳናገኝለት እንደተጣመመ ገጠመ። ሐኪሞቹ ስታድግ እናስተካክለዋለን ብለዋል። እስከዚያው ትሄዳለች፣ ግን ግራ እግሯን እየጎተተች፣ ቀስ ብላ ነው። እናቷ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ቂርያት ማላኺ አጠገብ ያለው የቤኤር ቱቪያ ፋብሪካ ስለምትገባ፣ ልጅቷን መኪናው ላይ ማውጣት የእኔ ሥራ ነበር።

ሰንሰለቱን ያየሁ ጊዜ "ይሄ ለእኛ ነው" አልኩ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገር እንደዚያ ነበር የማየው። ጎረቤት መስኮት ሲዘጋ ለእኛ ነው። አውቶቡስ ሳይቆም ሲያልፍ ለእኛ ነው። ያለ ነገር አልነበረም። በጎንደር አይሁድ በመሆናችን መሬት ስንከለከል ኖረን፣ እዚህ ስንደርስ ደግሞ ራቢዎቹ አይሁድነታችሁ ያጠራጥራል፣ ለመንጻት ውሃ ግቡ አሉን። የተጠረጠረ ሰው መልሶ ይጠረጥራል፤ እኔም ጠረጠርኩ።

በመጀመሪያው ቀን ሾፌሩ ትልቁ ጎዳና ላይ፣ ከሰንሰለቱ ማዶ ቆሞ ጡሩምባውን ነፋ። ልጆቹ ቦርሳቸውን እያንገጫገጩ ሮጡ። የእኔዋ የመንገዱን እኩሌታ ሳትደርስ መኪናው ሄደ። ጥሏት ሄደ! ልጆቹ በኋላው መስታወት ሲያዩዋት ነበር። ባለችበት ቆመች። ስደርስባት አላለቀሰችም፤ "እምዬ፣ ነገ ቀድመን እንውጣ" ብቻ አለችኝ። በዚያን ቀን ትምህርት ቤት ሳትሄድ ዋለች።

በማግሥቱ አዘልኳትና ከሁሉም ቀድሜ ጎዳናው ላይ ቆምኩ። ሾፌሩ የወርቅ ጥርስ ያለው፣ ሳቁ ሰፊ የሆነ ሰው ነው። የእኔ ዕብራይስጥ ዳቦ ከመግዛት አያልፍም ነበርና ልጅቷ ከጀርባዬ ላይ ሆና ታስተረጉም ጀመር።

"ለምን ጥለሃት ሄድክ በይው።"

"ሳቭታ፣ ምን ላድርግ?" አለ። ሳቭታ አያት ማለት ነው። "መንገዱን ዘጉብኝ። ያቺ ሮማንያዊት ናት የዘጋችው። በእናንተ ምክንያት ነው።"

"በእኛ ምክንያት ማለት?"

ሾፌሩ የእጁን ቆዳ በጣቱ መታ መታ አደረገና ትከሻውን ነቀነቀ። ያን ለማስተርጎም ሰው አያስፈልግም።

"እሺ፣ በሕንፃው ፊት ለፊት ለምን አትመጣም በይው።"

"አይቻልም። ለትልቅ መኪና ክልክል ነው። ያላ፣ ግቡ፣ ረፈደብኝ!"

ሮማንያዊቷ የምትኖረው ከአራቱ ቤቶች መጀመሪያው ውስጥ ነው፤ ከባሏ ጋር ብቻ። ቀጭን፣ ፀጉሯን አሳጥራ የምትቆረጥ፣ ዕድሜዋ ከእኔ የማይርቅ ሴት ናት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሻሎም ከመባባል በቀር ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ከዚያ ወዲያ ግን መስኮቷን እጠብቅ ጀመር። መጋረጃዋ ሲንቀሳቀስ "እያየችን ነው" እላለሁ። ሳይንቀሳቀስ ሲቀር "ተደብቃ እያየችን ነው" እላለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሾፌሩ ወርዶ ሰንሰለቱን ከመንጠቆው ፈታና እንደ ድሮው እየበረረ ጓሯችን ድረስ ገባ። ሴትዮዋ በቤት ልብሷ ሮጣ ወጣች። ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ መጮህ ጀመረች፤

"ኤን ክኒሳ! ኤን ክኒሳ!"

አሁን አንድ ነገር ላስረዳ። ዕብራይስጥ ባላውቅም በዚያ ዓመት በደንብ የለየኋት አንዲት ቃል ነበረች፤ ክነሲያ። ቤተ ክርስቲያን ማለት ናት። ቂርያት ማላኺ ያለ አንድ የእኛው የአይሁድ ቄስ ነበር ያስተማረን፤ "ይህን ቃል ስትሰሙ ጆሯችሁን አቅኑ፤ ከክነሲያ የመጡ ናቸው እያሉ የሚያሙን ሰዎች አሉ" ብሎን ነበር። ኤን ማለት ደግሞ የለም ማለት መሆኑን ሱቅ ስንሄድ ሁላችንም ለምደነዋል። እንግዲህ ሴትዮዋ "ኤን ክኒሳ" ስትል የእኔ ጆሮ የሰማው "እዚህ ቤተ ክርስቲያን የለም!" የሚል ነው። እናንተ ክርስቲያኖች፣ የምትሳለሙት የለም፣ ወደ መጣችሁበት ሂዱ ያለች መሰለኝ።

ልጆቹ ተጭነው ሄደዋል፤ ልጅቷም ሄዳለች፤ የሚያስተረጉም የለም። እኔና እሷ ብቻ ነን። እናቴና አባቴ ለዚህ ሃይማኖት የከፈሉት ሁሉ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። መንገዱ ዳር በእንጨት ላይ የቸነከረችው ታፔላ ነበር፤ ሄጄ ነቀልኩትና የብርቱካን ዛፎቹ መካከል ወረወርኩት። ከዚያ ፊቷ ቆሜ፣ ጣቴን ወደ በሯ ቀስሬ፣

"ይህን ደጅ የሚወርስ ዘር አይኑርሽ!" አልኳት።

ሴትዮዋ አየችኝ። እጇ ቀስ ብሎ ወረደ። ዝቅ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር ተናግራ ቤቷ ገባች። ያሸነፍኩ መስሎኝ ቀጥ ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ልጄም ልጅቷም ሲመለሱ የሆነውን በኩራት ነገርኳቸው። ልጄ ጫማዋን እያወለቀች፣ "እናቴ፣ ተይ እባክሽ፤ ከጎረቤት አታጣይን" አለች። ልጅቷ ግን ሳቅ በሳቅ ሆነች።

"እምዬ! ክኒሳ እኮ መግቢያ ነው! መግባት ክልክል ነው ነው ያለችው!"

"ክነሲያ ነው ያለችው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

"ክኒሳ! ክ-ኒ-ሳ! እኛም ትምህርት ቤት የመምህራኑ ክፍል በር ላይ ተጽፏል። እና የመምህራኑ ክፍል ቤተ ክርስቲያን ነው?"

እናቷም መሳቅ ጀመረች። እኔ አልሳቅኩም። ልጅቷ ሳቋን ሳትጨርስ፣ "ደግሞ ክፉ አይደለችም" አለች። "ልጅ ስለሌላት ብርቱካኑን ለእኛ ነው የምትሰጠው።"

ልጅ ስለሌላት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የተናገርኩትን እርግማን ለእነሱ አልነገርኳቸውም ነበር። ሴትዮዋ አማርኛ አታውቅም፤ አልሰማችኝም ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። እግዚአብሔር ግን አማርኛ ያውቃል።

ይህም ሆኖ ጥርጣሬዬ አልሞተም። ቃሉስ ይሁን፣ ተሳስቻለሁ። ሰንሰለቱስ? ሾፌሩ በቆዳው ላይ ያሳየኝስ? በሁለት ዓመት ትምህርት ፊደል ብቻ የቆጠርኩ ሴት ብሆንም፣ አንድ ሰው ሲናገር ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ ማየት እችላለሁ። ሾፌሩ ስለ ሴትዮዋ ሲያወራ እኔን ሳይሆን መሪውን እያየ ነበር።

ሰንሰለቱ ተመልሶ ስለተዘረጋ ልጅቷን በየጠዋቱ እያዘልኩ ጎዳናው ላይ አደርሳት ነበር። በዚያ ሰሞን ያቭነ በምትባለው ጎረቤት ከተማ ወደምትኖረው ታናሽ እህቴ አውቶቡስ ይዤ ሄድኩ። ስለ ኑሮ ስናወራ፣ "የልጆቻችን ሃሳዓ አቃጠለን" አለችኝ። "በየቀኑ ያረፍዳል። ሕፃናቱ ፀሐይ ላይ ቆመው ይቀራሉ። ስንቆጣው ምን ይለናል መሰለሽ? ገዴራ ያሉት የእናንተ አሮጊቶች ልጆቹን ቶሎ አያወጡልኝም ይለናል።"

"ማነው እንደዚህ ያለው?"

"ሾፌሩ ነዋ።"

"የወርቅ ጥርስ አለው?"

"አዎ። ከት ከት ብሎ ይስቃል። ታውቂዋለሽ እንዴ፣ እታለም?"

ለእኛ ሮማንያዊቷ ናት ይለናል፤ ለእነሱ እኛ ነን ይላቸዋል። ለሮማንያዊቷስ ማን ናቸው ይላት ይሆን?

በማግሥቱ ከሕንፃው ፊት ለፊት ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩና ጠበቅኩ። ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና መጣ። የተማሪዎቹን መኪና ሁለት ያህላል። በፊት ለፊቱ መንገድ ዘው ብሎ ገባ፣ ቆሻሻውን አነሳ፣ ዞሮ ወጣ። ማንም አልከለከለውም። በፊት ለፊት መምጣት ክልክል አልነበረም፤ ዙሪያ ጥምጥም ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል እንጂ። ሰውየው የሁለት ከተማ ልጆች በአንድ ጠዋት ለማድረስ ቃል ገብቶ፣ የጎደለውን ደቂቃ በሰዎች ደጅ እየበረረ ነበር የሚሞላው።

ሾፌሩን በኋላ አገኘዋለሁ አልኩ። ቀድሞ የእኔ ዕዳ ነበር። በእኛ አገር ሰው የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ጫንቃው ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ በበደለው ሰው ደጅ ይቆማል። በደሉ ሲከብድ ድንጋዩም ይከብዳል። ድንጋዩን ራሱ ማውረድ አይችልም፤ የተበደለው ሰው ነው የሚያወርድለት። ከሕንፃችን አጠገብ ግንበኞች ጥለውት ከሄዱት ክምር ውስጥ መረጥኩ። ትንሹን አነሳሁና አፈርኩ፤ መልሼ ትልቁን አነሳሁ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ "ተከተይኝ" ብያት መንገዱን ያዝን።

ይህን ነገር ሮማንያ ውስጥ እንደማያውቁት አላሰብኩም። ሴትዮዋ በመስኮት ያየችው ታፔላዋን የነቀለችውን ጥቁር አሮጊት ነው፤ አሁን ደግሞ ድንጋይ ይዛ እየመጣች ነው። የመስኮቶቿ መዝጊያዎች አንድ በአንድ ጓ፣ ጓ፣ ጓ እያሉ ወረዱ። ከጎረቤት ቤት አንድ ሰው "ፖሊስ! ፖሊስ!" ብሎ ጮኸ። እኔ በሩ ፊት ለፊት ደርሼ ጎንበስ ብዬ ቆምኩ።

በሩ ሲከፈት የወጣው ባሏ ነው፤ ከዘራ የያዘ ረጅም ሽማግሌ። ዓይኑ እኔን አያይም፤ ከራሴ በላይ የሆነ ቦታ ነው የሚያየው።

"ማነው?" አለ።

"ሳቭታዬ ናት" አለች ልጅቷ። "ይቅርታ ልትጠይቅ መጥታ ነው።"

"ድንጋይ ይዛለች ትላለች ሚስቴ።"

"አዎ፣ ይዛለች። በአገራችን ይቅርታ የሚጠየቀው በድንጋይ ነው።"

ሽማግሌው ሳል እስኪይዘው ሳቀ። ከኋላው ሚስቱ መጥረጊያ እንደ ጦር ይዛ ብቅ አለች።

"ድንጋዩን አስቀምጪው በያት!" አለች ለልጅቷ።

"አላስቀምጥም በያት" አልኩ። "እሷ ናት የምታወርደው። በደሌ ምን እንደሆነ ንገሪያትና ታውርድልኝ።" ከዚያ የተናገርኩትን እርግማን ለልጅቷ ነገርኳት።

ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

"በያት እንጂ!"

"አልልም፣ እምዬ።"

"በይ ብያለሁ!"

"ይሄን አልተረጉምም!" ብላ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸችብኝ። ወደ ሴትዮዋ ዞራ "ክፉ ነገር ብላሻለች" አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ሴትዮዋ ምን እንዳልኩ ጠየቀቻት። ልጅቷ መሬት መሬት አየች። አንገቴ እየነደደ ነበር፤ አንድ እጄን ከድንጋዩ አንስቼ ሆዴን ነካሁ፤ ከዚያ ወደ በሯ ጠቆምኩና እጄን ባዶውን ዘረጋሁት። ገባት አልገባት ዛሬም አላውቅም። ከዚያ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና በሁለት እጇ ድንጋዩን ከጫንቃዬ አወረደችው። ከበዳት፤ እግሯ ላይ ልትጥለው ምንም አልቀራት።

በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ሻይ በብርጭቆ፣ ከሎሚ ጋር አመጣች። ልጅቷ በመካከላችን ሆና ታስተረጉማለች። ሰንሰለቱን ለምን እንደዘረጋች ጠየቅኳት። የባሏን ከዘራ አንስታ ሰጠችኝ። መሐሉ ተሰብሮ በሽቦ የተጠመጠመ ነው። ባሏ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ በየጠዋቱ ከበራቸው እስከ ጎዳናው ይመላለሳል፤ ሌላ መሄጃ የለውም። መኪናው እየበረረ ሲገባ ከዘራውን ከእጁ መትቶ ጣለው። አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ ቢሆን የሚመታው እሱ ነበር።

"ጠይቂያት" አልኩ። "ስለ ቆዳችን ተናግራለች?"

የሴትዮዋ ፊት ቀላ። "ንጉሥ ዳዊትን ጭኖ ቢመጣም በዚህ ፍጥነት አይገባም፣ ያልኩት ይህንን ነው" አለች።

እውነቷን ይሁን አላውቅም። ሾፌሩ ውሸታም መሆኑ እሷን እውነተኛ አያደርጋትም። ከዘራው ግን አይዋሽም፤ ስለዚህ በከዘራው ፈረድኩ።

ሴትዮዋ የልጅቷን እግር አይታ ነበር። "ለእሷ ብዬ ጠዋት ጠዋት ሰንሰለቱን ልፍታው?" አለች።

"አይሆንም" አልኩ። "መኪናው ያው መኪና ነው። ለእሷ ሲከፈት ለባልሽ ሞት ይከፈታል።"

"ታዲያ በፊት ለፊት ይምጣ!"

ይህንንም ቀድሜ አስቤበታለሁ። በፊት ለፊት ከዞረ የያቭነ ሕፃናት ፀሐይ ላይ የሚቆሙበት ጊዜ ይጨምራል። የእህቴ ልጆች ስለሆኑ አይደለም፤ የማንም ልጆች ቢሆኑ ሾፌሩ ላጠፋው እነሱ አይከፍሉም። እኛ አገር በሰው ማሳ መካከል መንገድ ሲኖር ሕጉ አንድ ነበር። በዘር ጊዜ ሰው በእግሩ ያልፋል፤ ባለማሳው አይከለክለውም። ከብት ግን አያልፍም። ይህንኑ ነገርኳቸው። "እግር ይለፍ፣ ጎማ አይለፍ" አልኩ። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ፤ ሴትዮዋ ግን እኔን ትታ ልጅቷን አየች። እኔም ያን ጊዜ ነው ያየኋት። በእሷ እግር ስፈርድ እሷን አልጠየቅኳትም ነበር።

"አንቺስ ምን ትያለሽ፣ የኔ ሆድ?"

ልጅቷ መንገዱን እስከ ጎዳናው በዓይኗ ለካችው። "እሄዳለሁ" አለች። "በጀርባሽ ግን አይደለም፤ ያዩኛል። ደግሞ ጥሎኝ እንዳይሄድ። ልጆቹ እያዩኝ ጥሎኝ እንዳይሄድ ብቻ።"

በማግሥቱ ሾፌሩ ሲመጣ ጎዳናው ዳር ሁለት አሮጊቶች ቆመን ጠበቅነው። ሴትዮዋ በዕብራይስጥ፣ እኔ በአማርኛ፣ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ነበር የምንናገረው። የያቭነን ስም ስጠራ ሳቁ ቆመ። ሴትዮዋ ሁለት ከተማ በአንድ ጠዋት መያዙን ከተማው አስተዳደር ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀችው።

"ቤሰደር፣ ቤሰደር" አለ፤ እሺ፣ እሺ ማለቱ ነው። "እዚሁ እቆማለሁ። ግን ትፍጠን።"

"አትፈጥንም!" አልኩት። ይህን በዕብራይስጥ ማለት ተምሬ ነበር የመጣሁት።

ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ሮጠው ተሳፈሩ። ከዚያ የእኔዋ ብቻዋን መንገዱን ያዘች። ሽማግሌውም በተቃራኒው ወገን ከዘራውን እየሰደደ መመላለሱን ጀምሮ ነበር፤ ሲተላለፉ ቦኬር ቶቭ፣ እንደምን አደሩ፣ አለችው፤ እሱም ድምፅዋን ሰምቶ ባርኔጣውን ነካ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ልጅቷ ደነገጠች፤ እግሯ ተወላገደ፤ ግን አልወደቀችም። ሮማንያዊቷ የመኪናውን መስኮት በጡጫዋ እየደበደበች በራሷ ቋንቋ የሆነ ነገር አወረደችበት። ምን እንዳለች አላውቅም፤ እኔ በዕድሜዬ ከተናገርኩት ሁሉ የባሰ ሳይሆን አይቀርም። ሰውየው ሞተሩን አጠፋ። ልጅቷ ደረሰች፣ ብረቱን ይዛ ወጣች፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ወደ እኔ አላየችም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት ለፋሲካችን እስኪዘጋ ድረስ በየጠዋቱ ጓሮው ጫፍ ላይ ቆምኩ። እሷ እንዳትከተይኝ ብላኛለች፤ ቃሏን ጠብቄ አልተከተልኳትም። ሾፌሩም ከዚያ ወዲያ ጥሏት አልሄደም። እኔ ግን አንድም ቀን አላመንኩትም፤ ሞተሩ ሲጠፋ በጆሮዬ ሳልሰማ ወደ ቤቴ አልገባም ነበር።